ወፍራም ሐኪም «ክሱ» ሲል

እኛ አገር ሰውን «ወፈርህ» ማለት ምርቃት ነው። ከርመው የተገናኙ ሰዎች ብቸና መናኸሪያ ላይ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ «እሰይ፣ አምሮብሃል! ተመችቶሃል!» ይባባላሉ። «ከሳህ» የተባለ ሰው ግን ወዮለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። አንዱ ጠበል ይጠቁመዋል፣ አንዱ ባለ መድኃኒት ይነግረዋል፣ አንዷ ደግሞ ሚስቱን ከላይ እስከ ታች ገርምማ «ለመሆኑ ለዚህ ሰው ራት ትሰጪዋለሽ?» ትላለች።

እኔ የዚህ ምርቃት ሰለባ ነኝ። «ተመችቶሃል» ሲሉኝ፣ የሰው ቃል መሬት እንዳይወድቅ ብዬ፣ ስመቻች ስመቻች ኖርሁና በመጨረሻ የሚመቸኝ ወንበር ጠፋ። ሌላው ሰው ቢወፍር ከራሱ ጋር ነው። የእኔ ጣጣ ሥራዬ ነው። ጤና ጣቢያ የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ። ነጭ ጋውን አለኝ፤ ቁልፎቹና የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ከተለያዩ ቆይተዋል፤ አሁን የሚተያዩት ከሩቅ ነው። በሽተኛ ክፍሌ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ሆዴን ነው፤ እኔ ከኋላ እደርሳለሁ።

ታዲያ ስለ ውፍረት፣ ስለ አመጋገብና ስለ ክብደት ምክር ሥልጠና ተዘጋጅቷል ተብሎ ደብረ ማርቆስ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ጥሩ ሥልጠና ነበር፤ አልዋሽም። ጧት ስለ ስኳር ጉዳት እንማራለን፤ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ኬክ ይመጣል። ከምሳ በኋላ ስለ ስብ እንማራለን፤ ምሳው ግን ቀድሞ ስለ ስብ ሁሉንም ነግሮናል። አሠልጣኙ ራሱ «ከመጠን በላይ መብላት የሚጀምረው...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ዱለቱ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ብቻ የተማርሁትን ሁሉ በወገቤ ይዤ ተመለስሁ።

ኃላፊያችን እንዳየኝ «የክብደት ምክር መስጫውን ክፍል አንተ ትይዛለህ» አለኝ።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«አርአያ ትሆናለህ።»

«የምን አርአያ?»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲህ... የማስጠንቀቂያው» አለ።

ይህ ሳያንስ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት አጥኚ መጣች። ሜሮን ትባላለች። የምታጠናው ሐኪምና ታካሚ ስለ ክብደት እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ትሰማለች፣ አትናገርም። ደግሞ ቀጭን ናት። ቀጭን ሰው ጥግ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንደ ወደቀ መርፌ ነው፤ መቼና የት እንደሚወጋህ አታውቅም።

የመጀመሪያው ተመካሪ የኔታ ሐረገ ወይን ሆኑ። የኔታ መሪጌታ ናቸው፤ ቄስም የቅኔ መምህርም። ስማቸው የወይን ሐረግ ይሁን እንጂ ሰውነታቸው ግንዱ ነው። በከተማው የማያውቃቸው የለም፤ ድምፃቸው ሲወጣ ጣሪያው ያዳምጣል ይባላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ማኅሌት ላይ ወረቡ ሲጀመር ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ባለፈው ክብረ በዓል መሐል ላይ አቋርጠው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። እሳቸው ቆመው ያፈረው ሕዝቡ ነው። የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ መድኃኒት ታዘዘላቸውና፣ ክብደትም መቀነስ አለብዎት ተብለው ወደ እኔ ተላኩ።

እኔም ሥልጠናው ላይ «መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ» ስለተባልን፣ «የኔታ፣ ስለ ክብደት ብንነጋገር ፈቃድዎ ነው?» አልሁ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ስለ የትኛችን ክብደት?» አሉ።

ከጥጉ ሳል ተሰማ። ሜሮን ሳቋን ወደ ሳል መልሳው ነው።

«ስለ እርስዎ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያውስ ተናገር። የኃጢአተኛ ቄስ ፍታትም ፍታት ነው፤ የወፍራም ሐኪም ምክርም ምክር ነው።»

«የሚመገቡት ምን ምን ነው?»

«እኔማ ጾመኛ ነኝ፤ አንድም ጾም አልፎኝ አያውቅም። ይህ ሥጋ ከየት መጣ ብትለኝ እኔም እንዳንተ ይገርመኛል።»

«ከጾሙ ማግሥትስ?»

«ፋሲካ ነዋ!»

«ከፋሲካው ማግሥትስ?»

«ማኅበር አለ። ከማኅበሩ ማግሥት ክርስትና ይጠሩኛል፣ ከዚያ ሰርግ፣ ከዚያ ተዝካር። ሰው ሲወለድ እባርካለሁ፣ ሲጋባ እባርካለሁ፣ ሲሞትም እባርካለሁ። የባረክሁትን ሳልቀምስ ብነሣ ‹የኔታ ምን አይተውበት ነው?› ይባላል። ባለቤቲቱ ደግሞ ጉርሻውን አንሥታ ‹በሞቴ!› ትላለች። እኔ ሟች መፍታት እንጂ ሟች ማብዛት ሥራዬ አይደለም። እበላለሁ።»

ለዚህ መልስ ሥልጠናው ላይ አልተሰጠንም። ስለዚህ የተሰጠንን ጀመርሁ። ስለ ቅቤ ተናገርሁ፣ ስለ ጨው ተናገርሁ፣ ስለ ዘይት ተናገርሁ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአትክልት ሥዕል በጣቴ እያሳየሁ ላብ እስኪያጠምቀኝ ተናገርሁ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝና፣ «ስብከትህ ጥሩ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ የኔታ።»

«ግን ስብከት ሲፈታ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ‹ስብ ክተት› ነው። አንተም እኔም በዚህ ሙያ ብዙ ደክመናል።»

ሜሮን በዚህ ጊዜ ሳሏን ለመጨረስ ወደ ውጭ ወጣች።

ስትመለስ መመዘን ነበረብን። የኔታ ሚዛኑን ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «በሚዛን ተመዝኖ ቀሎ ስለተገኘ መንግሥቱን ያጣ ንጉሥ ነበር። እናንተ ደግሞ ቅለል ትሉኛላችሁ!» አሉ።

«ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ እንዲህ ብሎ መውጣት ነው» ብዬ ጫማዬን አውልቄ ለማሳየት ወጣሁበት። ከሥሬ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መርፌው አንድ ዙር ዞረ፣ ሌላውን ጀመረ፣ መሐል ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደቀ። የጤና ጣቢያው አንድ ለእናቱ የአዋቂ ሚዛን በባለሙያ እጅ፣ ይቅርታ፣ በባለሙያ እግር ነፍሱን ሰጠ።

ከዚያ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ክብደታቸው ካልታወቀ ምክሩ ከየት ይነሣል?» አለች።

«ከየት ይነሣል?» አልሁ እኔም። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

መላውን ያመጡት የኔታ ናቸው። «ልጆች፣ ብቸና ተቀምጦ ሚዛን ጠፋ የሚል ሰው ዓባይን ይዞ ጠማኝ እንደሚል ነው። እህል ተራ እንሂድ» አሉ።

እንደ ክፉ አጋጣሚ ቀኑ የገበያ ቀን ነው። የከተማችን ጤፍ ስሙ ስለ ገነነ የእህል ነጋዴዎቹ ሚዛን ሰፌድ የሚያህል መቆሚያ አለው። የማውቀው አንድ ነጋዴ ጆንያውን አስነሥቶ መቆሚያውን በመጥረጊያ ጠረገልን። የኔታ መስቀላቸውን አስተካክለው ወጡ። ይህን ጊዜ ከሩቅ ያየ አንድ ደላላ፣ የሚመዘነውን ሳያጣራ በልማዱ፣ «ማኛ ነው ሰርገኛ?» ብሎ ጮኸ።

«ማኛ ነው! የቤተ ክርስቲያን ነው!» አለ ነጋዴው።

ገበያተኛው ግልብጥ ብሎ መጣ። ነጋዴው ድንጋዩን እየገፋ እየመለሰ ቆየና በሚያምር የነጋዴ ድምፅ አወጀ፦ «ኩንታል ከነምርቃቱ!»

እልል ያሉ ሴቶች ነበሩ። ምን እንደመሰላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብሄድ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከሕዝቡ መሐል አንዱ «ሐኪሙም ይመዘን!» አለ። ሌላው ተቀበለው። የኔታ ከሚዛኑ እየወረዱ እጄን ያዙኝና፣ «መካሪ ሆይ፣ መንገዱን እኔ ጠርጌልሃለሁ» አሉኝ። ወጣሁ። «ጆንያው ይቀነስ!» ብለው ጃኬቴን አስወለቁኝ። ነጋዴው ድንጋዩን ገፋ፣ ገፋ፣ ሌላ ድንጋይ ጨመረ፤ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ትከሻዬን ነክቶ ነገረኝ። ከየኔታ እበልጣለሁ። ያውም በትንሽ አይደለም። አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ውይ፣ የዚህ ዘር ከየት ተገኘ ልጆቼ?» አሉ።

የኔታ ግን አልሳቁብኝም። ሰውን በበትራቸው ገለል ገለል እያደረጉ ከገበያው አወጡኝና፣ «አየህ፣ ሸክማችን አንድ ከሆነ መንገዳችንም አንድ ይሁን። አንተም ቀንስ፣ እኔም ልቀንስ። የወደቀ የወደቀን ሲያነሣ ቢያንስ አብረው ይተኛሉ» አሉኝ። ሜሮን ከአንገቷ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችንና፣ ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ አያችኋለሁ ብላ ሄደች።

ብቸና ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። በር ላይ ስደርስ ባለቤቴ ይታይሽ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ይታይሽ ትንሽ ሴት ናት፤ እጇን ወገቧ ላይ ስታደርግ ግን በሩን ትሞላዋለች።

«ጎረቤቶቼ መጥተው ‹ባልሽን እህል ተራ አወጡት፣ ለየትኛው ነጋዴ ደረሰ?› አሉኝ» አለች።

«ለሥራ ነው፣ ይታይሽ።»

«ስማ፤ እኔ የማልሸጠውን ነገር ገበያ አታውጣብኝ!»

የሆነውን ሁሉ ስነግራት ግን ቁጣዋ በረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበታዬ ተለወጠ። ጎመን መጣ፣ ምስር መጣ፣ ጎመን ተመልሶ መጣ። ይታይሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በፍቅር ታየኛለች፤ እኔም በፍቅር እበላለሁ። ችግሩ ከቤታችን እስከ ጤና ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ የምታውቋት ዓይነት አንዲት ጥብስ ቤት አለች። እኔ መብላት ሳይሆን ጭሱን ብቻ አሽትቶ ማለፍ ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያው ቀን አሽትቼ አለፍሁ። የሚቀጥለው ቀን ጭሱ በደንብ እንዲሸተኝ ገባ ብዬ ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ቆሞ ማሽተት ነውር ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ከተቀመጥሁ ደግሞ ባለቤቱ ምን ይበለኝ?

አንድ ቀን በዚሁ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ አንድ ጉርሻ አፌ ዘንድ ሳደርስ፣ ከውጭ «እህም! እህም!» የሚል ሳል ሰማሁ። ቀና ስል የየኔታ ጥምጥም በመስኮቱ ታየኝ። አየር ላይ የቀረውን ጉርሻ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ አንዴ ጨምረው ሳሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጉርሻው ወደ ሳህኑ ተመለሰ። እንዲህ ያለ አጭር ምክር ሥልጠናው ላይ አልሰማሁም።

በማግሥቱ ስንገናኝ በዚህ ተስማማን። ከሁለታችን አንዱ ሊስት ሲል ሌላው ይሳል። ነገር አያስፈልግም፣ ሰው ፊት መዋረድ የለም፤ አንድ ሳል ይበቃል።

ስምምነታችን የተፈተነው ሞጣ ላይ ነው። የየኔታ አንድያ ልጅ ጽጌ ሞጣ ነው ያገባችው። ወንድ ልጅ ወልዳ ክርስትና ጠራች። የኔታም «መካሪዬ ከሆንህ ምክርህን ሞጣ ድረስ አጅበው» ብለው ይዘውኝ ተነሡ። መናኸሪያ ስንደርስ የሚኒባሱ ረዳት ሁለታችንንም ትክ ብሎ አየንና፣ «አባቶች፣ አንዳችሁ በግራ አንዳችሁ በቀኝ ተቀመጡልኝ፤ መኪናው ያዘነብላል» አለን። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሲቆም የኔታን የሚያውቁ ካህናት በመስኮት ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። «ሳይቀምሱማ አያልፉም!» ሲሉ እኔ ከግራ በኩል ሳልሁ። የኔታ ዳቦውን ባርከው፣ ቆርሰው፣ ለተሳፋሪው አደሉት። የኮራሁትን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም። ዳቦው እኔ ዘንድ ሲደርስ ከቀኝ በኩል ሳል መጣ።

ጽጌ ቤት ስንገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዶሮው፣ ጥብሱ፣ በቅቤ የተለወሰው አይብ፣ ምኑ ቅጡ! ዘመድ ጎረቤት ግጥም ብሎ ተቀምጧል። እኔንና የኔታን ፊት ለፊት አስቀመጡን። የኔታ የዶሮውን ፈረሰኛ ሲያነሡ እኔ ሳልሁ። አስቀመጡት። እኔ አይቡን በእንጀራ ስጠቀልል እሳቸው ሳሉ። ተውሁት። አንዲት ዘመድ ለየኔታ ልታጎርስ ስትነሣ ሁለት ጊዜ ሳልሁ፤ እሳቸውም እየፈሩ መለሱላት። ወዲያው አንዱ እኔን ሊያጎርስ መጣ፤ የኔታ ብድራቸውን በሦስት ሳል ከፈሉኝ። እንዲህ እየተሳሳልን ጥቂት እንደቆየን ከጎኔ የነበረው ሰው መቀመጫውን ይዞ ራቅ አለ። ከየኔታ ጎን የነበሩትም ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ምነው፣ ጉንፋን ነው?» አለ አንዱ።

«ምን ጉንፋን! አንድ ቁራሽ አልወረደላቸውም እኮ። ሐኪሙም ያስለዋል። ሐኪም የሚያስል ከሆነማ ነገሩ ከባድ ነው» አለ ሌላው።

ቤት ውስጥ ሽብር ተነሣ። የጽጌ አማት ፈጣን ሴት ናቸው። አራስ ያለበት ቤት አጥሚት አይጠፋም፤ ቅቤው ከላይ እንደ ኩሬ የተኛበት፣ ማር የጠገበ አጥሚት በሁለት ትልልቅ ኩባያ መጣ። «የሳል ጠላት ይህ ነው፤ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ጭልጥ!» አሉ። ዶሮውን የሸሸን ሰዎች ዶሮው የሚቀናበት ነገር ላይ ወደቅን። ልስል ፈለግሁ፤ ብስል ሌላ ኩባያ ይመጣል። የኔታም ልክ እንደኔ ሳላቸው ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ያዩኛል። ጠጣን። ይህ አልበቃ ብሎ እኚያው እናት ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው ይዘው መጡና፣ «ብርድ ነው የመታችሁ» ብለው የሁለታችንንም አናት ቀቡት። በአፍ በኩል የዘጋንበት ቅቤ በጣሪያ በኩል ገባ።

እኔ በልቤ ስስቅ፣ ጽጌ ከጓዳ ወጣች። ልጇን ለአማቷ ሰጥታ አባቷ ፊት ተንበረከከች። ፊቷ ከል ለብሷል።

«አባቴ፣ እውነቱን ንገሩኝ። ታመዋል እንዴ? በእጄ የሠራሁትን ዶሮ ሳይቀምሱ ሲመልሱት አይቻለሁ። እናቴ ከመሞቷ በፊት እንዲህ ነበር የጀመራት። ምግብ ትመልስ ነበር።»

ሳቄ ደረቀ። የኔታ ከአናታቸው የሚወርደውን ቅቤ በእጃቸው ጠረጉና፣ ቅኔ የሌለው ንግግር ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

«አልታመምሁም፣ ልጄ። የታመምሁትስ ብዙ በመብላት ነው። ደም ግፊት አለብኝ፤ ይህ ሐኪም ቀንሱ ብሎኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያን ያህል ይበላሉ? ድሮ እንዲህ አልነበሩም።»

«እናትሽ ከሄደች ወዲህ ቤት ውስጥ እህል አይወርድልኝም። ብቻዬን ተቀምጬ ስቆርስ ቤቱ ጭር ከማለቱ እጄ ድምፅ ያወጣል፤ እሱን መስማት አልወድም። ስለዚህ ሰው ያለበት እሄዳለሁ። ተዝካርም ይሁን ማኅበር፣ ሰው ከጎኔ እስካለ እቀመጣለሁ። ቶሎ ከጠገብሁ ቶሎ መነሣት ይመጣል። እንዳልነሣ እበላለሁ» አሉ።

እኔ እዚያ ቅቤ ተቀብቼ ተቀምጬ ምን ልበላችሁ? ስለ ቅቤ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ዘይት ላብ እስኪያጠምቀኝ ነግሬያቸው ነበር። ምን እንደሚበሉ ጠይቄያቸው ነበር። ከማን ጋር እንደሚበሉ መጠየቅ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ከተማው ሁሉ ደግሞ ወፍረው ሲያያቸው «የኔታ ተመችቷቸዋል» ይል ነበር።

ጽጌ ተነሥታ ያንን ሁሉ ትልልቅ ሳህን ከፊታቸው አነሣች። ከዚያ በትንሽ ሳህን ትንሽ ወጥና ትንሽ እንጀራ አመጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «እኔም እስካሁን አልቀመስሁም። አብረን እንብላ፤ ሲያልቅም አይነሡ» አለቻቸው። ዝግ ብለው በሉ። ምግቡ ቶሎ አለቀ፤ እነሱ ግን እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀምጠው ሲጫወቱ ዋሉ። እኔም ዕድሉን ሳገኝ ወደ ጥብሱ ጠጋ ብዬ ነበር፤ የሳለብኝ ሰው ስላልነበረ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

ከሞጣ ስንመለስ ለይታይሽ ሁሉንም አጫወትኋት። እሷ ሐኪም አይደለችም፤ መድኃኒቱን ግን ወዲያው አዘዘች። «ራታቸውን ከኛ ጋር ይብሉ። የማበዛው ነገር የለኝም፤ ያው የአንተው ጎመን ነው» አለች። የኔታ መጀመሪያ አፍረው እንቢ አሉ። ይታይሽ «በሞቴ» አለቻቸው፤ መጡ። ከራት በፊት ደግሞ እኔና እሳቸው በደብረ ወርቅ መንገድ ወጣ እያልን መራመድ ጀመርን። በመጀመሪያው ሰሞን ከመራመድ ይልቅ መቀመጫ ድንጋይ ስንፈልግ ነበር የሚመሽብን። ያየን ሁሉ «ምን ጠፋችሁ?» ይለናል። እያደር ግን የኔታ እየቀደሙኝ ሄዱ። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይውጣሉ፤ ደም ግፊታቸውም ወረደ። ክረምቱ ወጥቶ ክብረ በዓሉ ሲደርስ ማኅሌት ቆሙ። ወረቡ ሲጀመር ትንፋሼን ይዤ ከኋላ አየኋቸው። ወደ ግድግዳው ዘወር አላሉም። ከጎናቸው ያሉት ወጣት መዘምራን ሲያልባቸው፣ እሳቸው ጸናጽላቸውን እንደ ጎረምሳ ይጥሉታል። ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ሜሮን እንደ ቃሏ ተመልሳ መጣች። ይታይሽ ምሳ ጋበዘቻት፤ የኔታም ነበሩ። ልጅቷ የኔታን ስታይ ደስታዋን መሸሸግ አልቻለችም። ስለ ሞጣው ነገር ደጋግማ ጠየቀቻቸው፤ «ይህን ጥያቄ እኔም አልጠየቅሁም ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከምግቡ መሐል ተነሥቼ ቆምሁ። «እኔ ሚዛን አያስፈልገኝም» አልሁና የሱሪዬን ወገብ በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ ወደ ፊት ሳብሁት። እጅ ያስገባል! «ይኸው! ሱሪዬ ሰፋ! በሳምንት ውስጥ ነው እንዲህ የሰፋው! ጤና ጣቢያ ላሉትም አሳይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም እጃቸውን አስገብተው አረጋግጠዋል።»

ሜሮን አጨበጨበች። የይታይሽ እጅ ግን ወጡ ላይ ቆመ። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ አልቻለችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ትንፈራፈር ጀመር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ይቅር በለኝ... ጧት ጧት ከቁልፉ ጋር ስትታገል፣ ‹አልሆነም፣ ዛሬስ አልራመድም› እያልህ አልጋው ላይ ስትቀመጥ አንጀቴን በላኸው። ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ከኋላ ጨርቅ አስጨመርሁበት። ደስ ይበልህ ብዬ ነው እንጂ፣ ጤና ጣቢያ ወስደህ ታሳያለህ ብዬ መች አሰብሁ!»

እጄን ወደ ኋላዬ ልኬ ዳሰስሁ። እውነትም ከወገቤ በስተጀርባ ሰፊ አዲስ ጨርቅ አለ። ቀለሙ ሳይቀር ሌላ ነው። ጤና ጣቢያው ሁሉ ከፊት እጁን እያስገባ ሲያደንቅ፣ ከኋላዬ የሚሄድ ሰው ሁሉ እውነቱን ሲያይ ከርሟል ማለት ነው።

የኔታ ጎመናቸውን ቀስ ብለው ዋጡና፣ «‹ሱሪዬ ሰፋ› አልህ። ትክክል ነህ፤ ሰሙን ተናግረሃል። ወርቁ ግን ያለው ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። እሱ ነው የሰፋው» አሉ።

ሜሮን ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ይታይሽ በሳቅ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ልቆጣ ሞከርሁ፤ ቁጣው እንቢ አለኝ። እኔን ደስ ለማሰኘት ብላ ሱሪዬን ተሸክማ ገበያ የወረደች ሴት ላይ እንዴት ይቆጧል?

የኔታ እጃቸውን ታጠቡ፣ ባርከው ተነሡ፣ ከበሩ አጠገብ የቆመውን በትራቸውን አነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ተነሥ፣ ሐኪሙ። ሱሪህ ከሰፋ እርምጃህም ይስፋ» አሉኝ።